ሰንጠረዥ ሳይኖር የተሸጠው ሸክላ

፩. መግቢያ

ስለ ዘፈን ሸክላ ታሪክ የሚጽፉ የውጭ አገር ሰዎች አንድን ሸክላ «ተሳካለት» የሚሉት ብዙውን ጊዜ በአንድ መለኪያ ነው። ይኸውም በመጽሔት በሚታተመው የደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ስንተኛ ሆነ፣ ስንት ሳምንትስ ቆየ በማለት ነው። በተለይ በአሜሪካ «ካንትሪ» ስለሚባለው የገጠር ዘፈን ሲጻፍ ይህ መለኪያ ከቶ አይቀርም። በአገራችን ግን በግል ነጋዴ የታተመው የመጀመሪያው ዘመናዊ ነጠላ ሸክላ በ1969 (በእኛ አቆጣጠር 1961–62) ሲወጣ የሽያጭ ሰንጠረዥ አልነበረም። ታዲያ ያ ሸክላ የተሳካለት መሆኑን በምን እናውቃለን?

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ነው። ሐሳቡም ባጭሩ እንዲህ ነው፤ የአንድ አዲስ ዐይነት ሸክላ ዕድል መጀመሪያ የሚታወቀው በሰንጠረዥ ሳይሆን ባለሱቁ ሁለተኛ ጊዜ በሚልከው ትእዛዝ ነው። ሰንጠረዡ የሚመጣው ገበያው ከተፈጠረ በኋላ ነው። ይህም በአትላንታም ሆነ በአዲስ አበባ አንድ ዐይነት ሆኖ ይገኛል። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፪. የአሜሪካው ምሳሌ

በሰኔ ወር 1923 በጆርጂያ ግዛት በአትላንታ ከተማ ፊድሊን ጆን ካርሰን የሚባል፣ ቫዮሊን እየመታ የሚዘፍን ሰው ኦኬ በተባለው የሸክላ ኩባንያ መቅረጫ ፊት ቀርቦ ሁለት ዘፈኖች ዘፈነ። የኩባንያው ተወካይ ራልፍ ፒር የሰውዬውን ድምፅ ሲሰማ ፈጽሞ ደስ አላለውም፤ ለሽያጭ የሚበቃ ነው ብሎም አላመነም። የዘፈኑን ገበያ ያወቀው የከተማው ነጋዴ ፖልክ ብሮክማን ነበር። በዚያ ጊዜ የሸክላ ማጫወቻ የሚሸጠው ከአልጋና ከወንበር ጋር በቤት ዕቃ መደብር ውስጥ ስለ ነበረ፣ ብሮክማንም በእንዲህ ያለ መደብር የሸክላውን ንግድ ይመራ ስለ ነበረ፣ ምን ዐይነት ሰው ምን ዐይነት ዘፈን እንደሚጠይቅ በየቀኑ ያይ ነበር። ስለዚህ 500 ሸክላ ለራሱ እንዲታተምለት አዘዘ።

ኩባንያው ሸክላውን ሲያትም በመዝገቡ ተራ ቁጥር አልሰጠውም። ይህም ማለት ከአትላንታ ውጭ ሊሸጠው አላሰበም ማለት ነው። ነገር ግን 500ው ወዲያው አለቀ፤ ብሮክማንም ተጨማሪ አዘዘ። ያን ጊዜ ኩባንያው ሐሳቡን ለውጦ ሸክላውን በመዝገቡ አገባው፤ ካርሰንንም በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ወደ ኒው ዮርክ ጠርቶ ሌሎች ዘፈኖች አስቀረጸው። በሚቀጥለው ዓመት በ1924 ቨርነን ዳልሃርት የዘፈነው የእስረኛ ዘፈን ከሚሊዮን በላይ ተሸጦ የዚህ ዐይነት ዘፈን ንግድ በጽኑ መሠረት ላይ ቆመ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን ነገር አለ። ቢልቦርድ የተባለው የንግድ መጽሔት ለዚህ ዘፈን ለብቻው ሰንጠረዥ ማውጣት የጀመረው ጥር 8 ቀን 1944 ነው። እንግዲህ በመጀመሪያው ሸክላና በመጀመሪያው ሰንጠረዥ መካከል ሃያ አንድ ዓመት ያህል አለፈ ማለት ነው። ያም ሰንጠረዥ ቢሆን በመጀመሪያ የቈጠረው በየቡና ቤቱ ሳንቲም ሲገባባቸው የሚዘፍኑትን የሸክላ ሣጥኖች ነበር፤ በየሱቁ የሚሸጠውን መቍጠር የጀመረው በ1948 ነው። ስሙም ቢሆን የተረጋጋ አልነበረም። ነጋዴዎች ቀድሞ ዘፈኑን የሚጠሩበት ስም ባላገርን የሚያንቋሽሽ ነበር፤ መጽሔቱ «የሕዝብ ዘፈን» አለው፤ በ1949 ደግሞ «ካንትሪና ዌስተርን» ተባለ። ገበያው እየሰፋ ሲሄድ ስሙም እየተከበረ መሄዱን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይህ ሰንጠረዥ ከእኛ ታሪክ ጋር በአንድ ቀጭን ክር ይገናኛል። ኤልቪስ ፕሪስሊ በአገር አቀፍ ሰንጠረዥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንደኛ የወጣው በዚሁ በካንትሪ ሰንጠረዥ ነው፤ ሸክላውም ሳን በተባለው የሜምፊስ አነስተኛ ኩባንያ በ1955 የወጣ ሲሆን አንደኛ የሆነው በየካቲት 1956 ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዚህን ሰው ፊልም በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች እያየ፣ አለባበሱንና ጠጕሩን እየመሰለ ያደገ አንድ የጅማ ተወላጅ የኢትዮጵያን የመጀመሪያ የግል ነጠላ ሸክላ ዘፈነ። እርሱም ዓለማየሁ እሸቴ ነው።

፫. ዐዋጁና ባንዶቹ

ወደ አገራችን ስንመለስ በመጀመሪያ የምናገኘው እርስ በርሱ የሚቃረን ሁኔታ ነው። የኢትዮጵያ ድምፅ በሸክላ የተቀረጸው በጣም ቀደም ብሎ ነው፤ ተሰማ እሸቴ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት በጀርመን አገር ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። ዘመናዊው የሙዚቃ ትምህርትም እንዲሁ ቀድሞ የተጀመረ ነው። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነፋስ መሣሪያ ባንድ ሆነው ተቋቋሙ። በ1935 በአቶ መኰንን ሀብተ ወልድ አማካይነት የአገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ። ከጠላት ወረራ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች እየተጠናከሩ ሄዱ። በ1955 ለኢዮቤልዩው በዓል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲከፈት ነርሲስ ናልባንዲያን የኦርኬስትራውን ሥራ በማደራጀት ብዙ ደከመ።

እንግዲህ ዘፋኝ ነበረ፤ ተጫዋች ነበረ፤ የዜማ ደራሲ ነበረ፤ ሰሚ ሕዝብም ነበረ። ያልነበረው ሸክላ ነው። ለዚህም አንዱ ምክንያት በ1948 (በእኛ 1940–41) የወጣው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዐዋጅ ነው። በዚህ ዐዋጅ መሠረት ሸክላ ወደ አገር የማስገባትና የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ማኅበሩ ግን ኃይሉን ያዋለው በመድረክ ላይ እንጂ በሸክላ ላይ አልነበረም፤ በተለይም በባንዶቹ እያደገ የመጣውን ዘመናዊ ዘፈን በሸክላ ለማውጣት መብቱን አልተጠቀመበትም። በዚህ ምክንያት ከሃያ ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ባንዶች የሚሠሩት ዘፈን በአዳራሽና በራዲዮ ብቻ ተሰምቶ የሚያልፍ ሆነ።

በዐዋጁ ላይ ሌላም ነገር ይጨመር። ዘፋኞቹ የመንግሥት ደመወዝተኞች ነበሩ። የክብር ዘበኛ ዘፋኝ ለክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ ዘፋኝ ለፖሊስ ነበር። ስለዚህ ሸክላ የማሳተም ጥያቄ የንግድ ጥያቄ ብቻ አልነበረም። የዘፋኙ ድምፅ የማን ነው? የሠራዊቱ ነው፣ የማኅበሩ ነው፣ ወይስ የራሱ? የሚለውን ጥያቄ በውስጡ ይዞ ነበር።

፬. አንድ ባለሱቅ

ይህን አጥር የሰበሩት አቶ አምሃ እሸቴ ናቸው። አቶ አምሃ ሥራውን ሲጀምሩ ዕድሜያቸው 24 ዓመት ያህል ነበር። የሸክላ መሸጫ ሱቅ ነበራቸው፤ በሱቃቸውም የሚሸጡት ከውጭ የመጣ የሌላ አገር ዘፈን ነበር። ማታ ማታ በየክበቡ ሕዝቡ የሚጨፍርበትን የአገሩን ዘፈን ግን ቀን ወደ ሱቅ የመጣ ሰው ሊገዛው አይችልም። ብሮክማን በአትላንታ መደብር ያየውን ነገር አቶ አምሃም ያዩት በራሳቸው ሱቅ ነው፤ ጠያቂው አለ፣ ዕቃው ግን የለም።

ዐዋጁ መኖሩን ያውቁ ነበር። በኋላ ዘመን ስለዚህ ሲናገሩ፣ ቢብስ ለጥቂት ጊዜ እታሰር ይሆናል እንጂ በዚህ ነገር ማንም አይገድለኝም ብለው እንዳሰቡ ገልጸዋል። በ1969 በስማቸው «አምሃ ሪከርድስ» የተባለውን ድርጅት አቋቁመው ዓለማየሁ እሸቴን አስቀረጹ። ዓለማየሁ በ1941 የተወለደ፣ በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ውስጥ ስሙ የታወቀ ዘፋኝ ነበር። በዚህ ባለ 45 ዙር ትንሽ ሸክላ በአንዱ ገጽ «ትማርኪያለሽ»፣ በሌላው ገጽ «ያ ታራ» የተባሉት ዘፈኖች ወጡ።

በጊዜው በአገሪቱ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ ስላልነበረ ቅጂው ወደ ሕንድ ተልኮ እዚያ ታተመ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነጋዴው ገንዘቡን አስቀድሞ ይከፍላል፤ ዕቃው ባሕር ተሻግሮ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ከመጣም በኋላ ባለመብቱ ማኅበር ወይም መንግሥት ሊወርሰው ይችላል። የብሮክማን ሥጋት 500 ሸክላ ሳይሸጥ መቅረቱ ብቻ ነበር። የአቶ አምሃ ሥጋት ግን ገንዘብም ነጻነትም ነበር።

ሸክላው ሲደርስ አቶ አምሃ በሱቃቸው ድምፅ ማጉያ አቁመው አሰሙት። እሳቸው በኋላ እንደ ተረኩት ሰዉ በሱቁ ፊት ቆመ፤ መንገድ ላይ ወጥቶ ጨፈረ፤ የመኪናውም መተላለፊያ ተዘጋ። የፈሩት እስራት አልመጣም፤ ሥራውም አልቆመም።

፭. ሽያጩን በምን እንለካዋለን?

እዚህ ላይ ሰንጠረዥ ያለው አገር ታሪክ ጸሐፊ ቢሆን «ስንተኛ ወጣ?» ይላል። እኛ ግን በሦስት ነገር እንለካዋለን።

የመጀመሪያው መለኪያ የድርጅቱ የራሱ ሥራ ነው። አምሃ ሪከርድስ ከ1969 እስከ 1975 ባለው ጊዜ 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። የመጀመሪያው ሸክላ ከስሮ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው አይታተምም ነበር፤ በራሱ ገንዘብ የሚሠራ ወጣት ነጋዴ የሚደጕመው የለምና። ስለዚህ ይህ ቍጥር ራሱ እንደ ሰንጠረዥ ሊነበብ ይገባዋል። በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ መቶ ሦስት ጊዜ ትእዛዝ መስጠት ማለት አንድ መቶ ሦስት ጊዜ ገበያው አለ ብሎ መፍረድ ማለት ነው።

ሁለተኛው መለኪያ ተከታዮቹ ናቸው። አቶ አምሃ ዐዋጁን ጥሰው ሳይከስሩና ሳይታሰሩ መቅረታቸውን ያዩ ሌሎች ብዙ ሳይቆዩ ገቡበት። ፊሊፕስ የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ ማውጣት ጀመረ፤ ቀጥሎም የአሊ አብደላ ካይፋ ድርጅት ካይፋ ሪከርድስ መጣ። ከ1969 እስከ 1978 ድረስ በሁሉም ድርጅቶች የወጡት ነጠላ ሸክላዎች ወደ 500 የሚጠጉ፣ ትልልቆቹም ሠላሳ ያህል ናቸው። ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ የብቻ መብት በአንድ ትንሽ ሸክላ ምክንያት በተግባር ቀረ፤ ዐዋጁን የሻረው ሌላ ዐዋጅ ሳይሆን ሻጭና ገዢ ነው።

ሦስተኛው መለኪያ በዘፋኞቹ ኑሮ ላይ የታየው ለውጥ ነው። ዘፋኝ በሸክላ ላይ ስሙ ሲጻፍ ከባንዱ ተለይቶ መታወቅ ይጀምራል። ሕዝቡ «የፖሊስ ባንድ ዘፈን» ማለቱን ትቶ «የዓለማየሁ ዘፈን» ይላል። ዓለማየሁም ከፖሊስ ኦርኬስትራ ወጥቶ ከዜማ ደራሲውና ፒያኖ ተጫዋቹ ግርማ በየነ ጋር የራሳቸውን ባንድ ይዘው ሠርተዋል። የግል ባንድና የግል ሸክላ አንዱ ሌላውን የሚያጠናክር ሆነ።

ይህን ስንል የመንግሥትን ድርሻ መርሳት አይገባም። ለአቶ አምሃ ድምፅ ማጉያ የበቃው ዘፋኝ የሠለጠነው በመንግሥት ባንድ ነው። ያ ሥልጠና ባይኖር ነጋዴው የሚሸጠው ባላገኘም ነበር። ነገር ግን ያሠለጠነው አካል ያሠለጠነውን በሸክላ አላስቀረውም፤ በሸክላ ያስቀረው ነጋዴው ነው። ሁለቱን ድርሻ ለይቶ ማየት ለታሪክ ጸሐፊ ይጠቅማል።

፮. ከመርካቶ እስከ አረቅጥ

ይህ ታሪክ የጉራጌን አገር ልጆች በቅርብ የሚመለከትበት ምክንያት አለ። ማኅሙድ አህመድ በ1941 በአዲስ አበባ በመርካቶ ከጉራጌ ቤተ ሰብ ተወለደ። በልጅነቱ ሊስትሮ ሆኖ ጫማ ጠርጓል። ከዚያም አሪዞና በተባለው ክበብ ልዩ ልዩ ሥራ ይሠራ ነበር። በ1962 አንድ ማታ ዘፋኙ ሲቀር እንዲዘፍን ተፈቀደለት፤ በዚያም ምክንያት ወደ ክብር ዘበኛ ባንድ ገባና እስከ 1974 ቆየ። የመጀመሪያ ነጠላ ሸክላውን በ1971 ያወጣለት ያው አምሃ ሪከርድስ ነው፤ በአንዱ ገጽ «ናፍቆት ነው የጎዳኝ»፣ በሌላው «ያስደስታል» የተባሉት ዘፈኖች ነበሩበት። አጃቢውም ቬነስ ባንድ ነው። እነሆ ማኅሙድ የክብር ዘበኛ ደመወዝተኛ ሆኖ ሳለ በግል ነጋዴ ሸክላ፣ በግል ባንድ አጃቢነት ሲዘፍን እናገኘዋለን። ከሁለት ዓመት በፊት የተሸጠው የዓለማየሁ ሸክላ ይህን በር ከፍቶለታል።

ከጫማ ጠረጋ ተነሥቶ ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ መደብር መሄድ በመርካቶ የብዙ የጉራጌ ልጅ የኑሮ መንገድ ነበር። ማኅሙድ በዚያው መንገድ ጀምሮ ወደ ሌላ በር ገባ። የአቶ አምሃንም ሥራ በዚህ ዐይን ብናየው በአገራችን የማይታወቅ እንግዳ ነገር አይደለም። ገበያው የሚፈልገውንና የሌለውን ዕቃ ለይቶ ማወቅ፣ በራስ ገንዘብ ማምጣት፣ ትርፉንም ኪሳራውንም በራስ መሸከም፤ ይህ የመርካቶ ነጋዴ የዕለት ሙያ ነው። ልዩ ያደረገው ዕቃው ዘፈን መሆኑ ነው።

በጉመር ደጋ ላይ ካለችው ከአረቅጥ ከተማ ሆነን ስንመለከተው ደግሞ የሸክላው ዕድል ሌላ ገጽ አለው። ሸክላ ማጫወቻ ይፈልጋል፤ ማጫወቻው መብራት ወይም ባትሪ ይፈልጋል። ስለዚህ ሸክላ በመጀመሪያ የከተማ ነገር ነው፤ ራዲዮ የሚደርስበትን ያህል አይደርስም። ነገር ግን በጉራጌ አገር ከተማና ገጠር በዓመት አንድ ጊዜ በመስቀል ይገናኛሉ። በያለበት ተበትኖ የሚነግደው ሁሉ ለመስቀል ወደ አባቱ ቤት ይገባል፤ ባዶ እጁንም አይገባም። እንዲህ ባለ አገር አንድ ዘፈን ምን ያህል እንደ ተስፋፋ ለማወቅ የመስቀል ሰሞን ከየትኛውም ሰንጠረዥ የበለጠ ምስክር ሊሆን ይችላል። ከመርካቶ የመጣው ልጅ ይዞት የመጣው ዘፈን የትኛው ነበር ብሎ አባቶችንና እናቶችን መጠየቅ ከጥሩ የምርምር ጥያቄዎች አንዱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳይነገር አይታለፍም። ከጉራጌ ቤት የወጣው ዘፋኝ የመጀመሪያ ሸክላ ያወጣው በአማርኛ ነው። የሸክላ ነጋዴ የሚያስበው ብዙ ገዢ ያለበትን ቋንቋ ነውና ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን የምንማርበት ነገር አለው። ገበያ ዐዋጅን ሊያፈርስ ይችላል፤ ሁሉንም ድምፅ እኩል ግን አያነሣም። ኦኬ ኩባንያ በካርሰን ላይ ያደረገውን፣ ማለትም በመዝገብ ያልገባ ዘፈን እንደሌለ የመቍጠርን ስሕተት፣ እኛም በራሳችን ዘፈን ላይ እንዳንደግመው መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

፯. ከዚያ በኋላ

የሸክላው ዘመን አጭር ነበር። በመስከረም 1974 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ወደቀ። የሰዓት እላፊ ዐዋጅ ሲመጣ የማታ ክበቦች ሕይወት ተቋረጠ፤ ክበቦቹ የሸክላው መፈተኛ ነበሩና የሸክላውም ንግድ አብሮ ተዳከመ። አቶ አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። በዚያው ዓመት ማኅሙድ «እሬ መላ መላ» የተባለውን ትልቅ ሸክላ በካይፋ አወጣ። ከ1978 ወዲህ ካሴት የሸክላን ቦታ ያዘ።

ያ «እሬ መላ መላ» በ1986 በቤልጅግ አገር በክራመድ ዲስክስ እንደ ገና ታተመ። በ1997 ደግሞ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኤትዮፒክ» በሚል ስም የነዚያን ዓመታት ሸክላዎች በተከታታይ ማውጣት ጀመረ፤ ሰባተኛው የማኅሙድ፣ ዘጠነኛው የዓለማየሁ ሆነ። እንዲህ በመሆኑ አንድ ሺህ ጊዜ በክበብ ከተዘፈነው ይልቅ አንድ ጊዜ በሸክላ የገባው ዘፈን ለዓለም ደረሰ። በ1969 ሸክላው ባይታተም ኖሮ በ1997 የሚታተም ነገር ባልተገኘም ነበር። አቶ አምሃ በሚያዝያ 2021፣ ዓለማየሁ እሸቴም በዚያው ዓመት በመስከረም ወር መጀመሪያ ዐረፉ። የመጀመሪያውን ሸክላ ያሳተመውና የዘፈነው በአንድ ዓመት ተለዩ።

፰. መደምደሚያ

ከላይ ከተመለከተው የሚከተለውን መደምደም ይቻላል።

አንደኛ፤ ሰንጠረዥ አለመኖሩ የሽያጭ ታሪክ የለም ማለት አይደለም። የሁለተኛው ትእዛዝ፣ የተከታዮቹ መምጣትና የዘፋኙ ስም ከባንዱ ስም መለየት በቂ መለኪያዎች ናቸው።

ሁለተኛ፤ በአትላንታም በአዲስ አበባም ሕዝቡ የሚወደውን ዘፈን መጀመሪያ ለሸክላ የሚበቃ ነው ያለው በሱቅ ውስጥ ከገዢው ፊት የቆመው ሰው ነው። ኩባንያውም ሆነ ባለመብቱ ማኅበር የደረሰበት ዘግይቶ ነው።

ሦስተኛ፤ ሸክላ ራሱ ሰነድ ነው። በመካከሉ በተለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ የድርጅቱ ስምና ተራ ቍጥር፣ የዘፋኙና የባንዱ ስም ይገኛል፤ ተራ ቍጥሩም የሕትመቱን ቅደም ተከተል ያሳያል። ከዚህም በላይ ባለቤቱ ከየት ገዛው፣ በየትኛው ዓመት መስቀል ወደ አገር ቤት ይዞት ገባ የሚለው በቃል ይገኛል። ይህን የሚነግሩን ሰዎች ዕድሜያቸው ገፍቷል። በወልቂጤ፣ በቡታጅራ፣ በአረቅጥና በአካባቢው የሚገኝ ተማሪ ሁሉ በየዘመዱ ቤት በቆጥና በሣጥን ያለውን ሸክላ ቁጥሩንና ስሙን መዝግቦ፣ የባለቤቱንም ቃል ጽፎ ቢያስቀምጥ፣ ያልነበረው ሰንጠረዥ ቢዘገይም በእኛው እጅ ሊዘጋጅ ይችላል።